ዲስኩ ውስጥ ተዘግቶበት የቀረው ጌም

(ለወጣት ፕሮግራመሮችና ለጌም ወዳጆች ካደረግሁት ንግግር በጽሑፍ የተዘጋጀ)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ሰዓት ሥራም ትምህርትም ደክሟችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የምናወራው ስለ መኪና ጌም ነው። ስለ አነዳድ ግን አይደለም። ማንም እንዲያየው ስላልታሰበ፣ ሆኖም ከጌሙ ጋር አብሮ ስለተሸጠ ነገር ነው የማወራው። የተቆረጡ መንገዶች፣ ያልተጠናቀቁ ድምፆች፣ ሜኑ ላይ የማይታዩ ውድድሮች። አንዳንዴም ከዚህ የባሰ ነገር አለ።

ከባሰው ልጀምር።

በ2003 ኔንቲዶ ጌምኪዩብ ለሚባለው ኮንሶሉ፣ ማለትም ከቴሌቪዥን ጋር ለሚገናኘው የጌም ማሽኑ፣ «ኤፍ-ዜሮ ጂኤክስ» የሚባል የእሽቅድምድም ጌም አወጣ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳንደናገር። መኪኖቹ ጎማ የላቸውም፤ ከመሬት ከፍ ብለው ይንሳፈፋሉ። በአንድ ውድድር 30 ተወዳዳሪ ይሰለፋል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ምስሉ ግን በሴኮንድ 60 ፍሬም ነው፣ አይንቀጠቀጥም። ዛሬም ከፍታችሁ ብትጫወቱት ያረጀ አይመስልም።

ይህን ጌም የሠራው ኔንቲዶ ራሱ አይደለም። ሴጋ ነው። በ1990ዎቹ ሴጋና ኔንቲዶ ዓይንና ናጫ ነበሩ። ሴጋ በ2001 ድሪምካስት የሚባለውን ኮንሶሉን ማምረት ሲያቆም ግን ነገሩ ተገለበጠ። ኮንሶል መሥራቱን ትቶ ለትናንት ጠላቱ ጌም መሥራት ጀመረ። ኔንቲዶም ከ1990 ጀምሮ የራሱ የሆነውን ኤፍ-ዜሮን የሴጋ ክፍል ለሆነው ለአሚውዝመንት ቪዥን ሰጠ። ቡድኑን የሚመራው ቶሺሂሮ ናጎሺ ነበር። «ዴይቶና ዩኤስኤ» የሚባለውን የአርኬድ መኪና ጌም የምታውቁ ካላችሁ፣ እሱንም የመራው ይኸው ሰውዬ ነው።

እነ ናጎሺ የሠሩት ግን አንድ ጌም አልነበረም። ሁለት ነው። አንደኛው ጂኤክስ ለቤት፤ ሁለተኛው «ኤፍ-ዜሮ ኤኤክስ» ለአርኬድ፣ ማለትም ሳንቲም እየተከፈለበት ለሚጫወቱበት ትልቅ ማሽን። ማሽኑ ውስጥ ያለው ሰሌዳ ትራይፎርስ ይባላል። ሴጋ፣ ኔንቲዶና ናምኮ በጋራ ያወጡት ነው። መሠረቱ የጌምኪዩብ ሆድ ዕቃ ነው። ስለዚህ ለአንዱ የተጻፈ ኮድ ለሌላው ብዙም አይከብደውም።

እዚህ ጋ አንድ ብልሃት ነበራቸው። የአርኬዱ ማሽን የጌምኪዩብ ሜሞሪ ካርድ ይቀበላል። ካርዳችሁን ከቤት ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ትሰካላችሁ፣ ትጫወታላችሁ። ያገኛችሁትን ይዛችሁ ተመልሳችሁ ቤት ጂኤክስ ላይ ትከፍታላችሁ። የኤኤክስ ሾፌሮችና የኤኤክስ ዋንጫ ውድድሮች በዚህ መንገድ ይገኙ ነበር። ማሽኑ በአቅራቢያው የሌለ ሰውስ? ለሱም መንገድ አለው፤ ግን በእሾህ የታጠረ ነው። ሾፌሮቹን ለማግኘት የታሪክ ክፍሉን በመጨረሻው፣ እጅግ በከባዱ ደረጃ መጨረስ አለበት። ይህን ሞክሮ ጆይስቲክ ያልወረወረ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

አየሁ፣ ማንም የለም።

እንግዲህ ጌሙ ወጣ፣ ተሸጠ፣ ሰው ተጫወተው፣ ኮንሶሉም አረጀ። በ2013፣ ከ10 ዓመት በኋላ፣ የጌምኪዩብን ሆድ ዕቃ መበርበር የሚወዱ ሰዎች አንድ ነገር አገኙ። በጂኤክስ ዲስክ ውስጥ ኤኤክስ አለ። አንድ መንገድ፣ አንድ መኪና ማለቴ አይደለም። የአርኬዱ ጌም ነው ያለው። አክሽን ሪፕሌይ በሚባለው የቺት፣ ማለትም የጌሙን ሕግ የማለፊያ፣ መሣሪያ ተገቢውን ኮድ ስታስገቡ፣ የቤቱ ዲስክ የአርኬዱ ጌም ሆኖ ይነሳል። በተራ የጌምኪዩብ ጆይስቲክ ትጫወቱታላችሁ።

ሰው ሜሞሪ ካርዱን ኪሱ ከትቶ አርኬድ ፍለጋ ከተማ ሲያቋርጥ፣ የሚፈልገው ጌም ቤቱ ሳሎን ውስጥ ነበር። ቴሌቪዥኑ ሥር። ይሄ ነገር እኔን እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

ለምን እዚያ ተገኘ? ሠሪዎቹ ወጥተው ያብራሩበትን ቃል ይዤ አይደለም የምናገረው፤ የሶፍትዌር ሥራ ከሚያስተምረን ነው የማስበው። ቤት እያሠራችሁ ነው እንበል። ግንባታው ሊያልቅ ሲል አንደኛው ክፍል እንደማያስፈልግ ወሰናችሁ። ታፈርሱታላችሁ? ግድግዳው ጣሪያውን ተሸክሟል። የውኃ መስመሩ በሱ በኩል ያልፋል። የቤት ምረቃው ደግሞ ቀኑ ተቆርጦ እንግዳ ተጠርቷል። አናጺው የሚላችሁ አንድ ነገር ነው፦ «በሩን በብሎኬት እንድፈነው፣ ክፍሉ ውስጡ ይቅር።»

ጌምም እንዲሁ ነው የሚሠራው። ሁለት ጌሞች ከአንድ ኮድ ሲወለዱ፣ አንዱን ከሌላው ነቅሎ ማውጣት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የነቀላችሁት ፋይል ሌላ ቦታ ይፈለግ እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው አይገኝም። ፋይሉ ዲስኩ ላይ ቢቀር የሚጎዳው የለም። ቢነሳ ግን ጌሙ በመሀል ቀጥ ሊል ይችላል። ስለዚህ ፋይሉን ትተው ከሜኑው ላይ ያለውን መግቢያ ብቻ ይዘጋሉ።

ይህን ያዙልኝ፤ ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሁሉ እሱን የሚያሳይ ነው። ሰው «የተደበቀ» የሚለው አብዛኛው ነገር ማንም የደበቀው አይደለም። ለማፍረስ ጊዜም ድፍረትም ያልተገኘለት ነው።

ለመሆኑ እንዴት ነው የሚገኘው? ብዙ ሰው አስማት ይመስለዋል። አይደለም። ጌሙ ስንተኛውን መንገድ መክፈት እንዳለበት የሚያውቀው በቁጥር ነው። በ2005 የወጣው ማሪዮ ካርት ዲኤስ 32 የመወዳደሪያ መንገዶች አሉት። ሜኑው ላይ አንዱን ስትነኩ፣ ሜሞሪ ውስጥ የዚያ መንገድ ቁጥር ይጻፋል። ሜኑው ከሚያውቃቸው ቁጥሮች ሌላ ግን አይጽፍም። አሁን አንድ ሰው በቺት መሣሪያ ወይም በኢሙሌተር፣ ማለትም ኮምፒውተርን እንደ ኮንሶል በሚያሠራ ፕሮግራም፣ ገብቶ ሜኑው የማያውቀውን ቁጥር ቢጽፍስ? ጌሙ ትእዛዝ ተቀባይ ነው፣ «ይህን ማን ፈቀደልህ» ብሎ አይጠይቅም። ያ ቁጥር የሚያመለክተው ነገር ካለ ይከፍተዋል፣ ከሌለ ይወድቃል።

ማሪዮ ካርት ዲኤስ ላይ በዚህ መንገድ ከተገኙት አንዱ ፋይሉ «ቴስት ሰርክል» ይባላል። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ሠሪዎቹ መኪናው እንዴት እንደሚታጠፍና እንደሚንሸራተት ሊፈትሹበት የሠሩት ሜዳ ነው። ከዚህ ሌላ ከቀደመው የጌምኪዩብ ጌም፣ ከደብል ዳሽ ዘመን የተረፉ የመንገድ ስሞችም አሉበት። ቡድኑ አዲሱን ሥራ ከባዶ አልጀመረም ማለት ነው። የድሮውን ፎልደር ገልብጦ፣ በሱ ላይ እየጻፈ ነው የሄደው። እዚህ ያላችሁ ፕሮግራመሮች ስትስቁ አየኋችሁ። ሁላችንም የምናደርገው ነው።

ሌላው መንገድ ቁጥር መለወጥም አይጠይቅም። ዲስኩ ላይ ያሉትን ፋይሎች ዘርግቶ ስማቸውን ማንበብ ነው። ወይም የጌሙን ኮድ በሄክስ ኤዲተር፣ ፋይልን ባይት በባይት በሚያሳይ ፕሮግራም፣ ከፍቶ በመሀሉ የተጻፉ ቃላትን መፈለግ። የስህተት መልእክት፣ የማይታይ ሜኑ ስም፣ ማንም የማይለብሰው ልብስ መጠሪያ። ከዚያ ጠለቅ ያለው ደግሞ ዲስአሰምብሊ ነው፤ ማሽኑ የሚያነበውን ቁጥር ሰው ወደሚያነበው ትእዛዝ መመለስ። ለዚህ የሚሆነውን ጊድራ የሚባል ፕሮግራም በ2019 ለሕዝብ በነፃ የለቀቀው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የአሜሪካ የብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ኤንኤስኤ። የስለላ መሥሪያ ቤት ያወጣው መሣሪያ ዛሬ የልጆች መኪና ጌም ይበረብራል።

አሁን ወደ ግራን ቱሪዝሞ ልለፍ። ፕሌይስቴሽን ቤት ያደገ ሰው ይህን ስም ሳያውቅ አይቀርም። ምንም እንኳ ጌም ቤት ውስጥ ኳስ ጌም ወረፋውን ሁሉ ቢበላው፣ በመሀል አንዱ መኪና ያስከፍት ነበር።

የመጀመሪያው ግራን ቱሪዝሞ በ1997 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ወጣ። የሠራው በካዙኖሪ ያማውቺ የሚመራው ቡድን ነው፤ በኋላ ፖሊፎኒ ዲጂታል ተብሏል። ወደ 140 መኪና ነበረው፣ ያኔ ይህ ብዙ ነው። ሁለተኛው በዲሴምበር 1999 መጣ። ሁለት ዓመት ብቻ ቆይቶ። የመኪናው ብዛት ወደ 650 ደረሰ። አንድ ሲዲ አልበቃውም፣ ሁለት ሆነ።

በሁለት ዓመት ውስጥ ከ140 ወደ 650። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይህ ቡድን ግን ያፈሰሰውን ለመልቀም እንኳ ጊዜ አልነበረውም። ለገና ገበያ መድረስ ነበረበት። የአሜሪካው እትም የወጣው ዲሴምበር 23 ነው፣ ለፈረንጅ ገና ሁለት ቀን ሲቀረው።

መጀመሪያ በታተሙት የአሜሪካ ዲስኮች ላይ ጌሙን መቶ በመቶ መጨረስ አይቻልም ነበር። ሁሉንም ውድድር ብታሸንፉ፣ ሁሉንም መንጃ ፈቃድ ብታወጡ፣ ቆጣሪው 98.2 ላይ ይቆማል። እስቲ ለሳምንታት ሌሊት የተጫወተውን ልጅ አስቡት። የቀረኝ ምንድን ነው እያለ አንድ በአንድ ይፈትሻል። ምንም አልቀረውም።

ይህ ጌም ድራግ ሬስ ሊኖረው ታስቦ ነበር። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሁለት መኪና ጎን ለጎን የሚፈተለኩበት ውድድር። ከመውጣቱ በፊት ተቆረጠ። ተጫዋቾች የጎደለውን 1.8 በመቶ ከዚሁ ከተቆረጠው ድራግ ጋር ያያይዙታል፤ ለእኔም ያሳምነኛል። ምክንያቱም አንድን ነገር ከፕሮግራም ስታወጡ እሱን ብቻ ማውጣት አይበቃም። እሱን የሚቆጥረውን፣ የሚሸልመውን፣ ስሙን የሚጠራውን ሁሉ ማውጣት አለባችሁ። አንዱን ከረሳችሁ፣ ቆጣሪው የሌለ ውድድር እየጠበቀ ይኖራል። በኋላ በታተሙት ዲስኮች ላይ ተስተካክሏል። ኢንተርኔት ላይ አፕዴት ማውረድ በሌለበት ዘመን ግን አንዴ የታተመ ዲስክ ታተመ ነው። ሰውዬው ሌላ ዲስክ ካላገኘ 98.2 ላይ ይኖራል።

የሚያስደስተኝ ሌላው ነገር፣ የድራግ ጠረን ከጌሙ አልጠፋም። መኪናችሁን የምትፈትሹበት ክፍል አለ፤ ከቆመበት ተነስቶ 400 ሜትር በስንት ሴኮንድ ይጨርሳል፣ 1000 ሜትርስ፣ ከፍተኛ ፍጥነቱስ። ብቻችሁን ትሮጣላችሁ፣ ጎናችሁ ማንም የለም።

የዚህ ጌም ወዳጆች ደግሞ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ዲስኩን ከፍተው፣ የተቆረጠውን እየመለሱ፣ የተበላሸውን እየጠገኑ የራሳቸውን እትም አውጥተዋል። ባለቤቱ የተወውን ሥራ ደሞዝ የማይከፈለው ሰው ጨረሰው።

አራተኛው ግራን ቱሪዝሞ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነገር አለው፤ እስካሁን ካልኩት ጋር የማይገጥም። ጃፓን ውስጥ የወጣው በዲሴምበር 2004 ነው፣ ለፕሌይስቴሽን 2። ከ700 በላይ መኪና። በኢንተርኔት መወዳደሪያ ይኖረዋል ተብሎ ተነግሮ ነበር፤ እሱን ቆርጠው ነው ያወጡት። በ2006 ጃፓን ውስጥ ብቻ ለሙከራ የሚሆን የኦንላይን እትም ለቀቁ፣ ከዚያ በላይ አልሄደም። ይህ የተለመደው የመቆረጥ ታሪክ ነው፤ አልፈዋለሁ።

የማይገጥመው ቀጥሎ ያለው ነው። ለ20 ዓመት ሁሉም ሰው «ግራን ቱሪዝሞ 4 ቺት ኮድ የለውም» ይል ነበር። በጃንዋሪ 2025 አንድ የድሮ ጌሞችን በመጠገን የታወቀ ሞደር፣ ማለትም የወጣ ጌም ከፍቶ የሚቀይር ሰው፣ ኮዱን ሲያነብ ቺቶች አገኘ። ገንዘብ የሚጨምር አለ። የመንጃ ፈቃድ ፈተና የሚያሳልፍ አለ። በትክክል ይሠራሉ፣ ያለ ምንም መሣሪያ፣ ጆይስቲክ ላይ ቁልፎችን በቅደም ተከተል በመጫን ብቻ።

ታዲያ 20 ዓመት ሙሉ እንዴት ማንም አላገኘውም? አንደኛ፣ የቁልፉ ቅደም ተከተል ረጅም ነው፤ በዕድል አይመታም። ሁለተኛው ግን ተንኮል ነው። ቺቶቹ የሚሠሩት በጌሙ ቀን አቆጣጠር 365 ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ጌሙ የራሱ ካላንደር አለው፣ በተወዳደራችሁ ቁጥር ቀኑ ይገፋል። አዲስ ጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ትክክለኛውን ቅደም ተከተል ቢጫን እንኳ ምንም አይፈጠርም። የለም ብሎ ይሄዳል።

ይህኛው በር በብሎኬት የተደፈነ አይደለም። ቁልፍ አለው፣ ቁልፉም የተሠራው ሆን ተብሎ ነው። 365 የሚለውን ቁጥር አንድ ሰው ተቀምጦ አስቦ ጽፎታል። ለማን ብሎ? ገምቱ። እኔ ግምቴ የሚሄደው አንድ ቀን በይፋ ሊነገር ታስቦ ሳይነገር የቀረ ነው ወደሚለው ነው። አንድ ዓመት ለፍቶ የተጫወተ ሰው ማቋረጫ ቢሰጠው አያምርም? ግን ልዩነቱን አትርሱ። የተተወ ነገርና የተቆለፈ ነገር ኮዱ ውስጥ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ታሪካቸው ግን የተለያየ ነው።

ይህን ልዩነት የሚያምታታ ሰው ነው ወሬ የሚፈጥረው። ማሪዮ ካርት ዊን አስታውሱ፣ 2008። የራሳችሁን ሚ፣ ማለትም እናንተን እንዲመስል የሠራችሁትን ሰውዬ፣ መኪና ላይ ታስቀምጣላችሁ። ሁለት ዓይነት ልብስ አለው፣ ኤ እና ቢ። የጌሙ ፋይል ውስጥ ግን «ሚ አውትፊት ሲ» የሚል ስም ተገኘ። በቃ! ዓለም ተናወጠ። ሁሉንም ውድድር በሦስት ኮከብ ብትጨርስ ይከፈታል የሚለው ተነሳ። የለም፣ ይህን ያህል ሺህ ውድድር ነው የሚለው ሌላው ተከተለ። ልጆች ወራት አጠፉበት። የሚከፈት ነገር የለም፤ የቀረው መጠሪያው ነው። አንድ ሰው ሦስተኛ ልብስ ሊሠራ አስቦ፣ ስሙን ጽፎ፣ ከዚያ አለቃው ሌላ ሥራ ሰጠው እንበል። አለቀ። ያ ባዶ ስም ግን ለዓመታት ተስፋ ሆኖ ኖረ።

ኮዱ ውስጥ ስም አገኛችሁ ማለት ዕቃው አለ ማለት አይደለም። ይህን ለሚበረብሩ ሁሉ እላለሁ፤ ለዩቲዩበሮቹማ ሁለት ጊዜ እላለሁ።

የሚገርመው፣ የተቆረጠ ነገር አንዳንዴ ዲስኩ ላይም የለም፤ ፎቶ ላይ ነው ያለው። ማሪዮ ካርት 64 በ1995 ጃፓን ውስጥ ለሕዝብ ሲታይ ስሙ «ሱፐር ማሪዮ ካርት አር» ነበር። ከሾፌሮቹ አንዱ ካሜክ ነው፣ ያ ባለ መነጽሩ አስማተኛ። በዲሴምበር 1996 ጌሙ ሲወጣ ካሜክ የለም፤ ቦታው ላይ ዶንኪ ኮንግ ተቀምጧል። ይህን ለማወቅ ማንም ኮድ አልፈታም። የድሮ መጽሔት ማየት በቂ ነበር።

አሁን የሚያስቅ ልንገራችሁ፣ ቀጥሎ የማወራው ስለ ክስ ስለሆነ። ክራሽ ቲም ሬሲንግ፣ 1999፣ ኖቲ ዶግ የሠራው። ፔንታ የሚባል ፔንግዊን አለ፤ በቺት ነው የሚገኘው። በአሜሪካው እትም ምን ይላል መሰላችሁ? እንደ ሌሎቹ አይጮህም፣ አይፎክርም። «ፔንግዊን ዬይ አንድ»፣ «ፔንግዊን ዬይ ሁለት» ይላል። ይኼ የድምፅ ፋይሉ ስም ነው! አንድ ሠራተኛ ትክክለኛው ድምፅ እስኪመጣ ቦታ መያዣ ብሎ ማይክ ላይ የፋይሉን ስም አንብቧል። ትክክለኛው ድምፅ አልመጣም። ዲስኩ ሄደ። ሰዉ ግን ወደደው። እውነት ለመናገር፣ ከእውነተኛው ድምፅ የሚሻል ይመስለኛል።

ወደ ክሱ። ቀጥሎ ያለው ንጹሕ የመኪና ጌም አይደለም፤ ግን መኪና የሌለበት ደቂቃ የለውም፣ ስለዚህ ፍቀዱልኝ። ግራንድ ቴፍት ኦቶ፦ ሳን አንድሪያስ፣ 2004። ሠሪዎቹ አንድ የወሲብ ትዕይንት ጀምረው ተዉት። እንደተለመደው ግን አላፈረሱትም፣ በሩን ብቻ ደፈኑት። በ2005 የኮምፒውተር እትሙ ሲወጣ አንድ ሞደር በትንሽ ማስተካከያ ከፈተው። ስሙ «ሆት ኮፊ» ተባለ። ሠሪው ድርጅት መጀመሪያ «ይህ የሞደሮች ሥራ ነው» ብሎ ሊያመልጥ ሞከረ። በኋላ የፕሌይስቴሽን 2 ዲስክ ላይም በቺት መሣሪያ ሲከፈት እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ዲስክ ላይ ሞደር አይጽፍማ።

በጁላይ 2005 የአሜሪካው የጌም ደረጃ ሰጪ ቦርድ፣ ኢኤስአርቢ፣ ጌሙን ለአዋቂዎች ብቻ ወደሚለው ደረጃ ቀየረው። ትላልቅ መደብሮች ከመደርደሪያ አወረዱት። ጉዳዩ ፖለቲከኞች አፍ ገባ። አሳታሚው ቴክ-ቱ ከባለአክሲዮኖቹ ጋር የነበረውን ክስ በ2009 በ20.1 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ዘጋ። ማንም እንዲያየው ላልታሰበ፣ ተዘግቶ ለነበረ ክፍል።

ከዚያ በኋላ ኢኤስአርቢ አሳታሚዎች ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ፣ የተዘጋውንም ጭምር፣ እንዲናገሩ መጠየቅ ጀመረ። ስለዚህ «ቢቀር አይጎዳም» ያልኳችሁ የአናጺው ስሌት ሁልጊዜ አያዋጣም። የሚቀረው ምን እንደሆነ ይወስነዋል። ቴስት ሰርክል ቢገኝ ሰው ፈገግ ይላል። ሆት ኮፊ ሲገኝ ጠበቃ ይጠራል።

አንድ ወንድማችን ቅድም በወረቀት የላከው ጥያቄ አለ፦ «ይህ መበርበር ስርቆት አይደለም ወይ?» ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ እኔም ጠበቃ አይደለሁም። የራሴን አመለካከት ግን ልናገር። ገዝታችሁ ቤታችሁ ያስገባችሁትን ዲስክ ከፍታችሁ ማየትና፣ ከድርጅት ኮምፒውተር የተዘረፈ ነገር መቀበል አንድ አይደሉም። በጁላይ 2020 ከኔንቲዶ ውስጥ የወጡ በጣም ብዙ ፋይሎች ኢንተርኔት ላይ ተለቀቁ። ያልታዩ ንድፎች፣ የድሮ ጌሞች የምንጭ ኮድ፣ የማይታመን ሀብት። ለታሪክ ጸሐፊ ወርቅ ነው። ግን ለመሸጥ ያልወጣ የሰው ሥራ፣ የሠራተኞች የግል ነገርም የተቀላቀለበት ነው። እኔ ከዲስኩ የተገኘውን በደስታ አወራለሁ፤ ከዚያ የመጣውን ግን ዛሬ ሆን ብዬ አላነሳሁትም።

እህታችን ደግሞ «ከየት ልጀምር?» ብላለች። ይሄኛው ጥያቄ ደስ ይለኛል።

በትንሽ ጀምሪ። የምታውቂውን፣ ብዙ የተጫወትሽውን ጌም ያዢ፤ የማያውቁትን ቤት ሲበረብሩ የጎደለውን ከሞላው መለየት አይቻልም። የራስሽን ዲስክ ቅጂ አውጪ፣ ሥራሽን ሁልጊዜ በቅጂው ላይ አድርጊ። ለጌምኪዩብና ለዊ ዶልፊን፣ ለፕሌይስቴሽን 2 ፒሲኤስኤክስ 2 የሚባሉ ኢሙሌተሮች አሉ፣ ነፃ ናቸው። መጀመሪያ የፋይሎቹን ስም ዝርዝር ብቻ አንብቢ። ጌሙ ውስጥ 20 መንገድ ካለ እና ፋይሉ 21 ከሆነ፣ ሥራሽ ተጀመረ። ፋይሉ መቼ እንደተፈጠረ የሚያሳይ ቀን ካለው ማስታወሻ ያዢ። ሌላ አገር የወጣውን እትም ፈልገሽ ጎን ለጎን አወዳድሪ፤ የጃፓን፣ የአሜሪካና የአውሮፓ ዲስኮች ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም፣ ልዩነታቸው ውስጥ ነው ብዙው ነገር የሚገኘው። ዲስአሰምብሊው ይደርሳል፣ አትቸኩዪበት።

ያገኘሽውን ስትጽፊ ደግሞ ሁለት ዓምድ ያዢ። በአንዱ ዲስኩ ላይ ያየሽውን፣ በሌላው የገመትሽውን። ኤኤክስን ያገኙት ሰዎች «ዲስኩ ላይ አለ፣ ኮዱ ይኸው፣ ራሳችሁ ሞክሩት» ነው ያሉት። የፈለገ ሁሉ ቤቱ ሄዶ ሞከረ፤ ጌሙ ተነሳ።

ሻይ ዝግጁ ነው ተብያለሁ። የቀረ ጥያቄ ያለው እዚያው ያግኘኝ።